ስጋት ቁጥር ሦስት

«ስጋት ቁጥር ሦስት፦ ውሻው። መፍትሔ፦ አባባ።»

ሽማግሌው ይህን የሰሙት ከማዕድ ቤቱ በር ኋላ ቆመው፣ በአንድ እጃቸው የሻይ ብርጭቆ፣ በሌላው ለውሻው ያስቀሩትን የትናንት ዳቦ እንደያዙ ነው። ሳሎን ውስጥ የልጃቸው ባል ላፕቶፑን ከቴሌቪዥኑ ጋር አያይዞ የሐይቅ ዳር ሽርሽሩን ዕቅድ ለሚስቱና ለስድስት ዓመት ልጁ ለሚጡ ያቀርባል። ሰውየው የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የዕቅድ ክፍል ኃላፊ ነው፤ ሥራውን ወደ ቤት ይዞ አይመጣም፣ ቤቱ ራሱ ሥራ ሆኖበት ነው እንጂ። ሽርሽሩ ራዕይ ነበረው፤ ተልዕኮ ነበረው፤ «የቤተሰብ ትስስር በላቀ ደረጃ ጎልብቶ ማየት» የሚል የሚጠበቅ ውጤት ነበረው፤ ባለድርሻ አካላትም አልጎደሉትም። ስጋት ቁጥር አንድ ዝናብ ነበር፤ መፍትሔው ጃንጥላ። ስጋት ቁጥር ሁለት ሚጡ መኪና ውስጥ ታስመልስ ይሆናል የሚል ሲሆን መፍትሔው ፌስታል ነበር። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ አቅራቢው ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ዝቅ ያደረገው ግን ለወጉ ያህል ስለነበር ማዕድ ቤት ድረስ ጥርት ብሎ ይሰማል። «ሎጁ ውሻ አያስገባም። ብቻውን ዘግተንበት ብንሄድ ሲያለቅስ ያድርና ጎረቤት ይነሳብናል። ስለዚህ አባባ አብረውት ይቆያሉ፤ ለእሳቸውም ዕረፍት ነው። ይሄ የአጭር ጊዜ መፍትሔ ነው። ዘላቂው መፍትሔ ደግሞ ይጠናል።»

ልጃቸው የባንክ ሠራተኛ ናት፤ ቅዳሜም እስከ እኩለ ቀን ስለምትገባ ጉዞው ከምሳ በኋላ ነው። ሆኖም አንድ ነገር ለመናገር የሚበቃ ጊዜ ነበራት፤ ሽማግሌውም ሻያቸው እስኪቀዘቅዝ ጠበቋት። በመጨረሻ የተሰማው ግን «ታዲያ ለአባዬ ማን ይንገረው?» የሚል ነበር። «ልጁ አንቺ ነሽ» አለ ባል። «የዕቅዱ ባለቤት አንተ ነህ» አለች ሚስት። ሚጡ «እኔ ልንገረው?» ስትል ሁለቱም በአንድ አፍ «ዝም በይ!» አሏት። ሽማግሌው ይሄኔ ከሚገባው በላይ ጮክ ብለው አሳሉና ገቡ። ቴሌቪዥኑ ላይ የነበረው ስጋት ቁጥር ሦስት በአንድ ጊዜ ጠፍቶ በምትኩ የሐይቅ ፎቶግራፍ መጣ።

«ሽርሽር ልትሄዱ ነው መሰል» አሉ፣ ሐይቁን እያዩ።

«አዎ አባባ፣ ትንሽ ነፋስ ለመቀበል ያህል ነው። እርስዎንም…»

«እኔንስ ተዉኝ። ወገቤ ደህና አይደለም። እኔና ኮንትሮል ቤት ብንጠብቅ ይሻላል» አሉ፤ ኮንትሮል የውሻው ስም ነው።

ወገባቸው ደህና ነበር። የአማችየው ፊት ግን ያለ በጀት የተሳካ ፕሮጀክት እንዳየ ሰው በራ። ልጃቸው ለሚጡ ዳቦ ላይ ማርማላታ መቀባቷን ሳታቆም፣ ቀናም ሳትል፣ «ወገብህን ያምህ ነበር እንዴ አባዬ?» አለች። «ዛሬ ነው የጀመረኝ» አሉ።

«ይጠናል» የሚለውን ቃል ሽማግሌው በደንብ ያውቁታል። ጎልማሳነታቸውን ሙሉ የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሾፌር ነበሩ። ድርጅቱ ያቺን ግንባረ ሰፊ አሮጌ አውቶቡሳቸውን «ዕጣ ፈንታዋ ይጠናል» ብሎ አጥር ሥር አስቆማት፤ ሲጠና፣ ሲጠና፣ ሣር ከጎማዋ በላይ በቀለ፤ አንድ ማንም ልብ ባላለው ማክሰኞ ቆርቆሮዋ ተቆራርጦ ሄደ። የሚስታቸውን ሕመምም ሐኪሞቹ ገና ሲያጠኑት ነው እሷ ቀድማቸው ያለፈችው። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ይጠናል ከተባለ ሽማግሌው ኮፍያቸውን አውልቀው በልባቸው ይሰናበቱታል። አሁን ደግሞ ጥናቱ ኮንትሮል ላይ ደርሷል፤ እሱም የሚጠናበትን አያውቅ፣ ከጠረጴዛው ሥር አገጩን እግራቸው ላይ አሳርፎ ዳቦውን ይጠብቃል።

ኮንትሮል ስሙን በዋዛ አላገኘም። በካርቶን ይዞት የተሳፈረ ሰው ሲወርድ ካርቶኑን ረስቶት የሄደ፣ አውቶቡሷ ውስጥ የተገኘ ቡችላ ነው። ሚስታቸው የዚያው አውቶቡስ ቲኬት ቆራጭ ነበረች፤ «ባለቤቱ እስኪመጣ» ብላ ከኋለኛው በር አጠገብ ባለችው ታጣፊ ወንበሯ ሥር አስቀመጠችው፤ ባለቤቱም አልመጣ፣ ቡችላውም ከወንበሯ ሥር አልወጣ። ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ፣ አሮጌው ድልድይ ጋ ሲደርሱ አውቶቡሷ ሁልጊዜ ትቆማለች፤ ተሳፋሪው ወንዙ ዳር ይበተናል። አንዱ ጫማውን አውልቆ እግሩን ይነክራል፤ አንዱ ጥላ ሥር ጋደም ይላል፤ አንዱ ቁጥቋጦ ኋላ ይሰወራል። መሄጃው ሲደርስ ሰው የመሰብሰቡን ሥራ ውሻው በራሱ ጊዜ ያዘው። እግር የሚነክረውን በአፍንጫው ይገፋዋል፤ የተኛውን ጆሮው ላይ ይተነፍስበታል፤ ቁጥቋጦ ኋላ ያለውን ደግሞ በጨዋ ደንብ ፊቱን አዙሮ ይጠብቀዋል። አንድ ሰው ከጎደለ ከፊት ጎማው ሥር ይጋደምና ክላክስ ቢነፋ፣ ቢሰደብ፣ ቢለመን አይነሳም። የቲኬት ተቆጣጣሪዎች እንኳ እንደሱ ጥብቅ ስላልነበሩ ተሳፋሪው ራሱ ኮንትሮል አለው። ሁሉም ሲገባ ሚስታቸው እጇን በመስኮት አውጥታ የበሩን ቆርቆሮ ከውጭ ሁለቴ ኳ፣ ኳ ታደርግና «ሞልቷል!» ትላለች። ኮንትሮል ያን ጊዜ ዘሎ ይገባና ወንበሯ ሥር ተጠቅልሎ ይተኛል። ግማሹ ወንበር ባዶ ቢሆንም «ሞልቷል» ነው የምትለው። «አንቺ ሴትዮ፣ በመስተዋት እያየሁት ባዶ ነው እኮ» ሲሏት፣ «ባዶ ነው ብለህ የጀመርከው መንገድ ይረዝምብሃል፤ አንተ ሞልቷል ብለህ ንዳ» ትላቸዋለች።

እውነቱ ከተነገረ አማችየውም የዚህ ውሻ ውለታ አለበት። ያኔ ገና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ፣ መነጽሩ ከፊቱ የሚበልጥ ቀጫጫ ተሳፋሪ ነበር። ልጃቸውም ለዕረፍት እነሱ ጋ ስትጓዝ፣ ድልድዩ ጋ አውቶቡሷ ስትቆም፣ ሁለቱ ለየብቻቸው «ወንዙን አይተን እንምጣ» ብለው ወረዱ። ወንዙ ደግሞ ከድልድዩ ምሰሶ ኋላ የበለጠ ይታያል መሰለኝ፣ ቀሩ። ተሳፋሪው ጮኸ፤ አንዱ «ጅብ በልቷቸዋል፣ እንሂድ» አለ፤ ሽማግሌውም፣ ያኔ ሽማግሌ አልነበሩም፣ ማርሽ አስገብተው ነበር። ኮንትሮል ግን ጎማው ሥር ተጋደመ። ቆይቶ ተነሳና ወደ ወንዙ ወርዶ ሁለቱን እንደ ተያዘ ሌባ ከፊት ከፊቱ እየነዳ አመጣቸው። እናትየው የሁለቱን ፊት አየች፤ የልጁን መነጽር ጉም አየች፤ ሁለቴ ኳ፣ ኳ አደረገች፤ «ሞልቷል» አለች። እስከ ሠርጉ ቀን ድረስ ስለዚህ ነገር ሌላ ቃል አልወጣትም። እንግዲህ ያ መነጽር ነው ዛሬ ኮንትሮልን በስጋትነት የመዘገበው።

ልጃቸው ወደ ባንክ ሄደች፤ አማቻቸው ሚጡን ይዞ መኪና ሊያሳጥብ ወረደ። ሽማግሌው ባዶው ሳሎን ውስጥ ቆመው የጠፋውን ቴሌቪዥን ተመለከቱ። ዕቅድ ለአማቼ ብቻ ነው እንዴ የተፈቀደው? አሉ በልባቸው። የእሳቸው አጭር ነበር። ራዕይ፦ ወንዙ። ተልዕኮ፦ መሄድ። ባለድርሻ አካላት፦ ሁለት ሽማግሎች፣ አንደኛው ባለ ጅራት። ስጋት፦ ጥናቱ ቀድሞ ካለቀ። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ኮንትሮል ከዚህ ሕንፃና ከፊት ለፊቱ ካለው መንገድ ወጥቶ አያውቅም፤ የኋላ እግሮቹ ደረጃ ሲወርድ ይማከራሉ፣ አንድ ዓይኑም ደመና ለብሷል። ማንም ምንም ከማጥናቱ በፊት፣ ዛሬውኑ፣ አንድ ጊዜ እግሩን ያን ውሃ ውስጥ እንዲነክር ፈለጉ። ዳቦ፣ ሁለት የተቀቀለ እንቁላልና የውሃ መጠጫ ጎድጓዳ ሳህኑን በከረጢት አደረጉ፤ ጡረታ ሲወጡ ያልመለሱትን የሾፌር ኮት ለበሱ። ኮንትሮል ኮቱን ባየ ጊዜ ጆሮው ቆመ፤ የቆመው አንደኛው ብቻ ነው፣ ሌላው ከድሮም አይቆምም።

«ካፒቴን፣ ዛሬ በረራ አለ እንዴ?» አላቸው የሕንፃው ዘበኛ።

«አጭር በረራ ነው።»

«ረዳት አብራሪው ግን ዕድሜው አልገፋም? ጡረታ ይውጣ እንጂ!»

«ጡረታ ወጥቶ ያየሁት ይበቃኛል» ብለው አለፉ።

የመጀመሪያዋ ሚኒባስ ቆመችላቸው፤ ረዳቱ ውሻውን ሲያይ ግን በሩን መልሶ ያዘ። «ፋዘር፣ ውሻ አልጭንም።» «ወንበር አልፈልግለትም፣ ሂሳቡን ግን እከፍላለሁ» አሉ። «የሂሳብ ነገር አይደለም፤ ሴቶቹ ይጮሁብኛል።» ከውስጥ አንዲት ወፍራም ድምፅ ያላት ሴት፣ «እኛ መቼ ጮህን? ከጠዋት ጀምሮ የምትጮኸው አንተ አይደለህም እንዴ!» አለች። ሌላዋም «እሱ ይግባና አንተ ውረድ፣ እሱ ቢያንስ ይታጠባል» ስትል መኪናው በሙሉ ሳቀ። ረዳቱ ክብሩ ስለተነካ «ሳበው!» አለ፤ ሚኒባሷም ሳቁን ይዛ ሄደች። በእግር ሄዱ። ኮንትሮል በየመንገዱ የቆመ መኪና ሁሉ ጎማ ጋ እየቆመ አሽትቶ፣ አንዳንዱ ላይ ፊርማውን አሳርፎ ያልፋል። ጎማ ፈታሽነቱን ከሽማግሌው ነው የተማረው፤ ሳይዞሩ፣ እያንዳንዱን ጎማ በጫማቸው ጫፍ ሳይመቱ ነድተው አያውቁም፤ ውሻውም ኋላ ኋላቸው እየዞረ የሳቸውን ምርመራ ያጸድቅ ነበር።

መናኸሪያው ሌላ ሆኖ ጠበቃቸው። የቲኬት መሸጫዎቹ መስታወት ለብሰዋል፤ ስም እየጠራ ሰው ይጎትት የነበረው ወያላ ሁሉ ጠፍቶ ከጣሪያ ላይ የምትናገር አንዲት ለስላሳ ሴት ተተክታለች፤ ማንንም አታውቅም፣ ለሁሉም ትሕትና ታሳያለች። ግድግዳው ላይ በቀይ ከተሰረዙት ሥዕሎች መካከል ሲጋራው አለ፣ ሽጉጡ አለ፣ ውሻውም አለ፤ ኮንትሮል ግን በሥዕሉ ራሱን ስላላወቀ አልተቀየመም።

«ስንት ሰው?» አለች ከመስታወቱ ኋላ ያለችው ወጣት።

«አንድ ሰው ከአንድ ውሻ።»

«ውሻ በሲስተሙ የለም።»

«እዚህ ግን አለ። ጎንበስ ብለሽ እዪው።»

«አባቴ፣ እኔ የማየው ሲስተሙን ነው» አለች፣ ክፋት በሌለው ድምፅ። «የት ነው የሚወርዱት?»

«አሮጌው ድልድይ።»

ጻፈች፣ ጠበቀች። «እሱም በሲስተሙ የለም።»

ከጓሮው ጥገና ቦታ፣ ከአንድ አውቶቡስ ሥር ሁለት እግሮች ወጥተው መጀመሪያ ያየው ኮንትሮል ነው፤ ሄዶ አሸተታቸው። «የማን አፍንጫ ነው ይሄ ቀዝቃዛ?» አለ ከሥር የመጣ ድምፅ፤ ቀጥሎ መካኒኩ ራሱ፣ ዕድሜ ልኩን ግሪስ እየተባለ የተጠራው፣ እየተንፏቀቀ ወጣ። «ኮንትሮል! አንተ ሌባ፣ እስካሁን አልሞትክም?» ብሎ ቅባት በተለወሰ መዳፉ የውሻውን ግንባር ያዘው። ጥቁር መዳፍ እንደ ማኅተም ቀረ። ከዚያ ሽማግሌውን አቅፎ፣ ኮታቸውን እንዳያቆሽሽ እጁን ወደ አየር አነሳ፤ እንደ ተማረከ ሰው። ግሪስ የነገራቸው ይህን ነው፦ አሁን ሰፊ አዲስ መንገድ ወጥቷል፤ አውቶቡሶቹ ሁሉ በዚያ ነው የሚሄዱት፤ ማረፊያቸውም ነዳጅ ማደያ ነው፤ «ውሃ በፕላስቲክ፣ ሽንት በክፍያ።» የድሮው መንገድ ግን አለ፤ ድልድዩም ቆሟል፤ የራሱ መኪና ያለው ሰው ከፈለገ በዚያ ዞሮ ሐይቁ ጋ ይደርሳል።

«ልጅህ መኪና የላትም እንዴ?»

«አላት። ዛሬ ወደዚያው ሊሄዱ ነው።»

«ታዲያ እዚህ ምን ያንከራትትሃል? ውሰጂኝ በላታ!»

ሽማግሌው የኮታቸውን አንድ ቁልፍ ፈትተው መልሰው ቆለፉ። ግሪስ ትንሽ አያቸውና ሳቁን ተወው። «ሃምሳ ሰው በአንድ ቃል ስታስነሳና ስታስቀምጥ የነበርክ ሰውዬ?»

«ሃምሳ ሰው ማዘዝ ቀላል ነው» አሉ ሽማግሌው። እንቁላሎቹን እዚያው በሉ፤ አንዱን ሁለቱ ሰዎች ተካፈሉ፣ አንዱን ሙሉውን ኮንትሮል ወሰደ።

ሲመለሱ መንገዱን ሁሉ የሚናገሩትን ሲያዘጋጁ ሄዱ። መናኸሪያው በር ላይ ንግግሩ ረጅምና ያማረ ነበር፤ ውስጡ ሚስታቸው ነበረች፣ ወንዙ ነበር፣ የምሰሶው ጉዳይም በስሱ ተነክቶ ነበር። ፋርማሲው ጥግ ሲደርሱ የምሰሶው ጉዳይ ነውር መሰላቸውና ወጣ። ትምህርት ቤቱን ሲያልፉ ሚስታቸውን አወጧት፤ እሷን ማስገባት ልመና ይመስላል። የቀረው «ልጄ፣ እግረ መንገዳችሁን እኔንና ኮንትሮልን ድልድዩ ጋ ጣሉን፤ ነገ ስትመለሱ ታነሱናላችሁ» የሚል ነበር፤ ታዲያ የት ልታድር ነው የሚል ጥያቄ እንደሚያስከትል ሲገባቸው እሱም ተሸራረፈ። ደረጃው ላይ ሲደርሱ ከዚያ ሁሉ የተረፈው «ልጄ፣» ብቻ ነበር።

ልጃቸው ከሥራ ተመልሳ ልብስ ታጥፋለች። አልጋው ላይ ሁለት ሻንጣ ተከፍቷል፤ የዋና ልብስ፣ የፀሐይ ቅባት፣ የሚጡ ሰፊ ኮፍያ፣ እና ገና መለያ ወረቀቱ ያልተነሳለት የአማችየው ነጭ ቁምጣ። የሎጁ የአንድ ሌሊት ዋጋ ከሽማግሌው የወር ጡረታ እንደሚበልጥ በሩ ላይ ሲቆሙ ትዝ አላቸው፤ እግራቸውን ወደ ውስጥ አላስገቡም።

«ምግብ ፍሪጅ ውስጥ አለ አባዬ» አለች ዞር ሳትል። «ለማታም ለነገም ይበቃሃል። አሙቀህ ስትጨርስ ጋዙን መዝጋት እንዳትረሳ። የውሻው ደግሞ ሰማያዊዋ ዕቃ ውስጥ ነው።»

«እሺ» አሉ። «ልጄ፣»

«እ?»

ሸሚዝ ይዛ ዞረች። ሽማግሌው አልጋው ላይ ያለውን ሻንጣ አዩ። «የፀሐይ መነጽርሽን እንዳትረሺው።»

እሷ ግን የምታየው ወደ ታች ነበር። የኮንትሮል እግሮች እስከ ጉልበቱ አቧራ ለብሰዋል፤ ግንባሩ ላይ አምስት ጣት ያለው ጥቁር መዳፍ አለ። ያን መዳፍ ታውቀዋለች፤ በልጅነቷ ስንት ቀሚሷ ላይ ታትሞባት እናቷ በነጭ ጋዝ ስታስለቅቅ አምሽታለች። የአባቷን ኮት አየች። «የት ነበራችሁ?» አለች። «እዚሁ ነው፣ እግር ለማፍታታት» አሉ፤ ወገባቸውን ያመማቸው ሰው መሆናቸውን ዘንግተው። ሸሚዙን አስቀመጠች፤ ጨርቅ አርጥባ መጣች፤ ተንበርክካ የውሻውን ግንባር ማሸት ጀመረች። ቅባት በውሃ አይለቅም፤ ይህን ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ግን ረጅም ጊዜ አሸችው። ከታች አማችየው ክላክስ ነፋ። ተነስታ እጇን ታጥባ ሻንጣውን ዘጋች፤ ጥቁር ያደረገችውን ጨርቅም ሳትጥለው ይዛው ወረደች።

ሽማግሌው ሊሸኙ ወረዱ፤ ከላይ ሆነው በበረንዳ እጅ ቢያወዛውዙ ይሻል ነበር፣ ኮንትሮል ግን የሻንጣ ድምፅ ሰምቶ ደረጃውን ቀድሟቸው ነበር። ሕንፃው ሥር መኪናዋ ታጥባ ታበራለች። አማችየው ነጩን ቁምጣ ለብሶ፣ ጃንጥላውም ፌስታሉም በየቦታቸው መኖራቸውን አረጋግጦ፣ ሰዓቱን ያያል። ኮንትሮል በመኪናዋ ዙሪያ አንድ ጊዜ ዞረ፤ ጎማዎቹን አንድ ባንድ አሸተተ። ከዚያ ሥራ ጀመረ። ድመት ልታባርር የሮጠችውን ሚጡን ከጉልበቷ ሥር በአፍንጫው እየገፋ በር አስገባት። ከዘበኛው ጋር የምትነጋገረውን እናቷን ቀሚሷን ጎተተ። አማችየውንም ከኋላው፣ ነጩ ቁምጣ ላይ፣ በእርጥብ አፍንጫ ማኅተም መታው። ዘበኛው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሁሉም ገቡ፤ በሮች ተዘጉ፤ ሞተር ተነሳ። ኮንትሮል ወደ ሽማግሌው ዞሮ አየ። ጠበቃቸው። ሽማግሌው አልተነቃነቁም። ይሄኔ ውሻው የኋላ እግሮቹን በጥንቃቄ አጥፎ ከፊት ጎማው ሥር ተጋደመ።

«አባባ፣ እባክዎ ይያዙልኝ» አለ አማችየው አንገቱን በመስኮት አውጥቶ። ሽማግሌው መጥተው የአንገቱን ማሰሪያ ሳቡ፤ ለመኑት፣ ተለማመጡት፤ «ተነስ ጌታዬ፣ ተነስ የኔ ወንድም» አሉ፤ ማሰሪያው በጭንቅላቱ ሾልኮ እጃቸው ላይ ቀረ እንጂ እሱ አልተነሳም። ክላክስ ተነፋ። በረንዳዎች ላይ ሰው ወጣ። ከሦስተኛ ፎቅ አንዲት ጎረቤት «ምነው፣ ገጫችሁት እንዴ?» አለች፤ ዘበኛው «ኧረ እሱ ነው የገጫቸው!» ብሎ መለሰላት። አማችየው ይህ ስጋት በዕቅዱ ውስጥ ስላልነበረ ሁለት እጁን መሪው ላይ አደረገ።

«እማዬ» አለች ሚጡ ከኋላ ወንበር፣ «አንድ ሰው ቀርቷል እያለ እኮ ነው። አያቴ ነግሮኛል፤ አንድ ሰው ከቀረ አይነሳም።»

ልጃቸው የፊቱን በር ከፍታ ወረደች። ከጎማው ሥር የተጋደመውን ግንባር አየችው፤ ያሸችው መዳፍ ደብዝዞ ሰፍቷል እንጂ አልጠፋም። ባሏም በመስኮት ጎንበስ ብሎ ያንኑ ያያል፤ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገ፤ ጉም የለበትም ነበር፣ ግን ጠረገው።

«አባዬ፣ ግባ» አለች። «ፊት ነው የምትቀመጠው፤ ወገብህን ካመመህ ኋላው ይጎረብጥሃል።»

«ኧረ እኔ… ኮንትሮልስ?»

«እሱ ከኛ ጋር ኋላ ነው።»

«ሎጁስ?» አለ ባሏ፣ በቀጭን ድምፅ።

«ሎጁ ይጠናል» አለች። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «በድሮው መንገድ ሂድ። ድልድዩ ጋ ትቆምልናለህ።» አማችየው ድልድይ የሚለውን ሲሰማ ጆሮው ቀላ፤ አልተከራከረም።

ሽማግሌው ማሰሪያውን በእጃቸው እንደያዙ ገቡ። መሪ በሌለበት ወንበር ለመቀመጥ እግራቸውን የት እንደሚያደርጉ አጡ፤ ቀኝ እግራቸው በራሱ ጊዜ ፍሬን ፈለገ። ኮንትሮል የሳቸው በር ሲዘጋ ሰምቶ ተነሳ፤ ልጃቸው ሆዱን ደግፋ ኋላ ወንበር ላይ አወጣችው፤ ሚጡ ቦታ ለቀቀችለት። «በቃ? እንሂድ?» አለ አማችየው። ውሻው ግን አልተኛም። በሚጡና በእናቷ መካከል በአራት እግሩ ቆሞ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ በመስኮቱ ወደ ሕንፃው በር ያያል። ጆሮው ቆሟል። አማችየው ማርሽ አስገባ፤ ውሻው አንዴ ጮኸ። ማርሹን መልሶ አወጣው።

«አሁን ደግሞ ማን ቀረ?» አለች ሚጡ። «ሁላችንም ገባን እኮ።»

ሽማግሌው ከፊት ሆነው የጎን መስተዋቱን ያያሉ፤ ልማድ ነው፣ ከመነሳታቸው በፊት ሁልጊዜ ያን መስተዋት ያያሉ፤ ውስጡም የኋለኛው በር ይታያል። የሕንፃው ደጅ ባዶ ነው። ኮንትሮል ይጠብቃል። አማችየው፣ ያ ዕድሜውን ሙሉ ለሁሉ ነገር መፍትሔ የሚጽፍ ሰው፣ እጁን ከማርሹ ላይ አነሳ።

የኋላው መስታወት ሲወርድ ሽማግሌው በመስተዋት አዩ። ቅባት የያዘ ጨርቅ የጨበጠ እጅ ወጣ፤ ጨርቁን ወደ ሌላው እጅ አሳለፈ፤ የበሩን ቆርቆሮ ከውጭ በኩል ሁለቴ መታው። ኳ፣ ኳ።

«ሞልቷል» አለች ልጃቸው።

ኮንትሮል ወንበሩ ላይ ዞር ዞር አለ፤ ከእግሯ ሥር ወረደ፤ ተጠቅልሎ ተኛ።